ሬዲዮ ዝም ያለበት ሰዓት

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በጎማ ጥገናውና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል፣ ሁለት ወንድማማቾች የሚሠሩበት አንድ ብየዳ ቤት ነበር። ታላቅየው ሥራ ላይ አፉ አያርፍም። ጠዋት በሩን ሲከፍት የጀመረውን ወሬ ማታ ቁልፉን ሲያዞር ነው የሚጨርሰው፤ አንዳንዴም ለነገ ያሳድረዋል። ስለዚህ ሰፈሩ «ሬዲዮ» አለው። ታናሽየው ካልጠየቁት አይናገርም፤ ሲጠይቁትም አሳጥሮ ነው። ሆኖም ሬዲዮ ያለ እሱ አንድ በር እንኳ ሰቅሎ ስለማያውቅ፣ አንድ ቀልደኛ ደንበኛ «ለካ ባትሪው አንተ ነህ» አለው። ከዚያ ወዲያ ከመታወቂያው በቀር የእውነት ስሙን የሚያውቅ ጠፋ።

አባትና እናታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ ባትሪ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ሬዲዮ ደግሞ አሥራ ስድስት። ዘመድ ተሰብስቦ ትንሹን ማን ይውሰደው ብሎ ሲመክር፣ ሬዲዮ ከበሩ ላይ ቆሞ «ዕቃ ነው እንዴ የምትከፋፈሉት?» አለ ይባላል። ትምህርቱን ትቶ አንድ በያጅ ዘንድ ገባ። ቀን ብረት ሲቆርጥ ይውልና ሲመሽ የወንድሙን ደብተር ይመለከታል፤ ራሱ ያልገባውን ሒሳብ ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ባትሪ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አልገፋበትም ብሎ ወደ ብየዳ ቤቱ ሲመጣ፣ ሬዲዮ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈው። በሦስተኛው ቀን የብየዳ መነጽር ወረወረለትና «አድርገው። ዓይንህን ካቃጠልክ እኔ ነኝ እየመራሁህ የምዞረው» አለው።

ኋላ ሬዲዮ ፖስታ ቤት ደብዳቤ የምትለይ ሴት አገባ። ልጅ አልወለዱም። ባትሪም ሳያገባ ቀረ፤ ከግቢያቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል፣ ከእነሱ ጋር ይበላል። የወንድሙን ሚስት እትዬ ይላታል። ሰው «ልጅ የላችሁም?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «አንድ አለን። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ካልሲውን እስከ ዛሬ አልጋ ሥር ነው የሚጥለው» ትላለች።

ነገሩ የሆነው ረቡዕ ቀን ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት የግቢ በር እየሠሩ ነበር። ጠዋት በማጠፊያ ተጨቃጭቀዋል። ሬዲዮ በአንድ በኩል ሦስት ይበቃል ይላል፣ ባትሪ አራት ካልሆነ ይወርዳል ይላል።

«አንተ ልጅ፣ በር ነው ወይስ መርከብ የምንሰቅለው?»

«አራት» አለ ባትሪ።

«እሺ፣ ባሕር ላይ ሲወጣ ትነግረኛለህ።»

አራት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ መጣ። ሬዲዮ ከእሱ ጋር ሲሳሳቅ ቆይቶ ሸኘው፤ ከዚያ ለውሻው ሳይቀር በሩ ላይ መስኮት እንዲወጣለት ስለጠየቀ ደንበኛ ማውራት ጀመረ። «እኔም ምን አልኩት መሰለህ» አለ። ባትሪ ግን ጀርባውን ሰጥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ የብረት መሞረጃውን ግራይንደር አስነሣ፤ ምን እንዳለው አልሰማም።

ግራይንደሩን ሲያጠፋ ወሬው የለም። ሬዲዮ ብረት የሚቆርጥበት የጋዝ እሳት ድምፅም የለም። ባትሪ «አኮረፈ» ብሎ አሰበ። ሊዞር ፈልጎ ነበር፤ ግን ከዞረ የማጠፊያው ክርክር ሊቀጥል ነው። በሆዱ «ተመስገን፣ ዛሬ እንኳ ጆሮዬ ይረፍ» አለና ግራይንደሩን መልሶ አስነሣ። እንደዚያ እያጠፋና እያስነሣ ሠራ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር የሠራው። ሥራውም አማረለት።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አራተኛውን ማጠፊያ ለመለካት ዞረ። ሬዲዮ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሏል። መነጽሩ ፊቱ ላይ ነው። ጋዙን በሥርዓቱ ዘግቶታል። ቀኝ እጁ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል፣ የአፉም ጠርዝ ወደ አንድ ወገን ወርዷል።

«ጋሼ» አለው ባትሪ።

ሬዲዮ አየው። ዓይኑ ሙሉ ነበር፤ የሚናገረው ነገር እንዳለው ያስታውቅ ነበር። አፉን ከፈተ፣ ምላሱ አልታዘዝ አለው።

የጎማ ጠጋኙ መኪናውን አስነሥቶ ቅርብ ወዳለው ክሊኒክ አደረሳቸው። እዚያ የጭንቅላት ምርመራ የሚያደርግ መሣሪያ የለም ተብለው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላኩ። መንገዱ እየተቆፈረ ነበርና መኪናው ቆመ፣ ሄደ፣ ቆመ። እትዬ ከፖስታ ቤት እየሮጠች መጥታ ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘቻቸው። ሲቲ ስካኑ ተነሥቶ፣ የደም ምርመራው ደርሶ አንድ ወጣት ሐኪም ሲጠራቸው ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሆኖ ነበር።

«ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«አራት ሰዓት» አለ ባትሪ።

«ከዚያ በኋላስ ማን አየው?»

«ሥራ ላይ ነበርን።»

ሐኪሙ በጣቶቹ ቆጠረ። «ስትሮክ ነው። በግራ አንጎሉ በኩል ያለ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል። ደሙን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ግን በሽታው ከጀመረ አራት ሰዓት ተኩል እስኪሞላው ድረስ ነው የምንሰጠው። ከዚያ ካለፈ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። በሃያ ደቂቃ አልፎናል። ሌላውን ሕክምና ሁሉ እናደርጋለን።»

«መንገዱ ነው» አለች እትዬ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «መንገዱን ቆፋፍረውት ነው እንጂ።»

ባትሪ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሃያ ደቂቃ። እሱ ዘንድ ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር፤ በእጁ ይዞት፣ ደስ ብሎት የሠራበት ሰዓት። ሰውም ዝምታውን ስለለመደው ምን ሆንክ ያለው የለም።

በማግስቱ ጠዋት መነጽር ያደረገች፣ ጸጉሯን አጥብቃ ያሰረች ዶክተር ወደ አልጋው መጣች። ስለ ስትሮክ ጥናት እንደምታጠና፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ሬዲዮን በኤም አር አይ ማሽን ልታነሣው እንደምትፈልግ ነገረቻቸው።

«ከማሽኑ ሲወጣ ይሻለዋል?» አለች እትዬ።

«አይ። እውነቱን ልንገራችሁ። ማሽኑ አያክምም፣ ኦክስጂንም አይሰጥም። ይለካል ብቻ። ለእሱ ምንም ላይጠቅመው ይችላል፤ እኛ ነን የምንማርበት። ዛሬ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ እንለካዋለን። እምቢ ብትሉም ሕክምናው አይጓደልበትም።»

«ምኑን ነው የምትለኩት?» አለ ባትሪ። እትዬ ዞር ብላ አየችው፤ ከትናንት ጀምሮ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አንጎሉ ኦክስጂን እየተጠቀመ መሆኑን። ደም ኦክስጂን ይዞ ይገባል፣ አንጎል የሚበቃውን ይወስዳል፣ ደሙ የተረፈውን ይዞ ይወጣል። ኦክስጂኑ የተወሰደበት ደም ማግኔት አጠገብ ጠባዩ ይለወጣል። ማሽኑ ያን ልዩነት ያያል። ደም ያነሰው፣ ግን ገና ያልሞተ ቦታ፣ ከምትደርሰው ትንሽ ደም ኦክስጂኑን አሟጦ ነው የሚወስደው። የሞተ ቦታ ደግሞ ደም ቢደርሰው እንኳ አይነካውም።»

ባትሪ ጥቂት አሰበ። «እኛ በጋዝ ነው የምንቆርጠው» አለ። «ኦክስጂን ሲያንሰው እሳቱ ቢጫ ይሆንና ጥላሸት ያወጣል። ግን አልጠፋም። ቶሎ ከከፈቱለት ይመለሳል።»

«ልክ እንደዚያ ነው» አለች ዶክተሯ ደስ ብሏት። «ቶሎ ከተከፈተለት።»

እሷ ምን እንደተናገረች አታውቅም። ባትሪ አንገቱን ደፋ።

እትዬ ፈረመች። ሬዲዮም በግራ እጁ ወረቀቱ ላይ የሆነ መስመር አሰመረ፤ ምን እንደተባለ ገብቶት ይሁን አይሁን ማንም እርግጠኛ አልነበረም። በያጅ መሆኑን ሲሰሙ ዓይኑ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ገብቶ እንደሆነ ጠየቁ፣ ማግኔቱ ብረት ይጎትታልና። የትናንቱ ሲቲ ስካን ላይ ምንም ብረት አልተገኘም። የጋብቻ ቀለበቱን እትዬ በሳሙና አወለቀችና አውራ ጣቷ ላይ አደረገችው።

ባትሪ ከመስተዋቱ ወዲህ፣ ከዶክተሯ ኋላ እንዲቀመጥ ተፈቀደለት። ወንድሙ እስከ ወገቡ ድረስ ነጭ ቱቦ ውስጥ ገባ። ማሽኑ ይቀጠቅጥ፣ ያንባርቅ፣ ቆም ብሎ እንደገና ይቀጠቅጥ ጀመር። ባትሪ ዕድሜ ልኩን ቅጥቀጣ መሐል ነው የኖረው፤ ይሄኛው ግን አንጀቱን በላው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዶክተሯ ምስሉን በቀለም አድርጋ አሳየችው። ቀኝ ወገኑ ሙሉ በሙሉ ቢጫና ብርቱካንማ ነው። በግራው በኩል እንቁላል የሚያህል ጥቁር ቦታ አለ፤ ዙሪያውን ቀይ ጠርዝ ከቦታል።

«ጥቁሩ?» አለ ባትሪ።

«እዚያ ኦክስጂን የሚወስድ የለም።»

«ቀዩስ?»

«ቀዩ ከሚደርሰው ደም ሁሉንም አሟጦ እየወሰደ ነው። ተርቧል፣ ግን አለ። ይትረፍ አይትረፍ ገና አናውቅም።»

ባትሪ ያን ቀይ ጠርዝ ትክ ብሎ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ወዲያ ለሳምንት ያህል የወንድሙ አልጋ አጠገብ ሲቀመጥ የሚታየው ፊቱ ሳይሆን ያ ጠርዝ ነበር። እትዬ ስትጸልይ ስለ ጤናው ነው የምትጸልየው። እሱ ግን ስለ ጠርዙ ይለምን ነበር፤ እንደዚህ ያለ ልመና ይሰማ እንደሆነም አያውቅም።

በሳምንቱ ሲለካ የጠርዙ ግማሽ ጠቁሯል። ግማሹ ተርፏል። ዶክተሯ «መጥፎም ጥሩም ነው» አለች።

ሬዲዮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቀኝ እግሩን እየጎተተ በምርኩዝ መሄድ ቻለ። ቀኝ እጁ አልተመለሰም። የሚነግሩት ይገባዋል፤ ለመናገር ግን የተረፈችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። «በቃ።» ውሃ ሲጠማው «በቃ»፣ ሲስቅ «በቃ»፣ ሲናደድ «በቃ በቃ በቃ»። እትዬ ከድምፁ አወጣጥ መለየት ተማረች። ጎረቤት ሊጠይቀው ሲመጣ ወሬውን ለመጀመር እጁን ያነሣል፣ ዓይኑ ይበራል፣ «በቃ» ይልና ያው እጁ እንደተነሣ ይቀራል። ጎረቤትም ሆዱ እየባባ ቶሎ ይሰናበታል። ባትሪ ብየዳ ቤቱን ብቻውን ይከፍት ጀመር። የትምህርት ቤቱን በር ጨርሶ ሰቀለው። በስንት ማጠፊያ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

በሦስተኛው ወር ለመጨረሻው ልኬት ሲሄዱ እትዬ ሥራ ነበረባትና ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሬዲዮ ማሽኑ ውስጥ ሳለ ባትሪ ከዶክተሯ ኋላ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ፊቷን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሣ «ይበሉ፣ እየሰማሁ ነው» አለችው።

ሁሉንም ነገራት። ስለ ማጠፊያው፣ ስለ ግራይንደሩ፣ «ጆሮዬ ይረፍ» ስላለው። የሚያውቁት ሰዎች ይህን ያህል ተናገረ ቢባሉ አያምኑም ነበር። ሲጨርስ «ጥቁሩ መቼ ነው የጠቆረው?» አለ። «ያን ጊዜ ዞሬ ቢሆን ኖሮ ምን ያህሉ ይተርፍ ነበር? ማሽኑ ይሄን አያውቅም?»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«መሐሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው የሚሞተው» አለች። «አጠገቡ ቆመው ዓይን ዓይኑን ቢያዩት እንኳ መሐሉን አያድኑትም ነበር። ጠርዙ ግን ሌላ ነው። ጠርዙ ሰዓታት ይቆያል። ቀደም ብሎ ቢመጣ መድኃኒቱ ይሰጠው ነበር፣ መድኃኒቱ ደግሞ አንዳንዱን ሰው ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። እሱን ይረዳው ነበር ወይ ቢሉኝ አላውቅም። ይሄ ማሽን ያለውን ነው እንጂ ሊሆን ይችል የነበረውን አይለካም።»

«እንግዲያው ጥፋት የለብዎትም ሊሉኝ አይችሉም።»

«አልችልም» አለች። «ጥፋተኛ ነዎት ልልዎትም አልችልም። የጤነኛ ወንድምን ዝምታ በሽታ ነው ብሎ የሚጠረጥር ሰው የለም።»

ባትሪ አመሰገናት። ብትዋሸው ኖሮ ቀለል ይለው እንደነበር፣ ግን እንደማያምናት ያውቅ ነበር።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ እትዬ ገበያ ወጥታ ሳለ፣ ባትሪ የወንድሙ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለእሱም ነገረው። ዓይኑን እያየ ነው የነገረው። ሬዲዮ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ «በቃ» አለ፤ ባትሪ እስከዚያ ቀን ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይህን ድምፅ እትዬም እንኳ ልትፈታው አልቻለችም፤ አልሰማችውምና። ያየችው ባሏ የወንድሙን እጅ እምቢ ማለቱን ነው። ሾርባውን ባትሪ ሲያቀርብለት አፉን ይዘጋል። ሊያነሣው ሲመጣ ምርኩዙን መሐላቸው ይተክላል። አሥር ቀን እንደዚህ ሆነ። በአሥረኛው ቀን እትዬ ባትሪን ጓሮ ጠርታ «ምን አድርገኸው ነው?» አለችው። ለእሷም ነገራት። እጇን ስታነሣ ልትመታው መስሎት ነበር። እጇን ጭንቅላቱ ላይ አድርጋ «እኔ መንገዱን ስረግም ከረምኩ» አለች። ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ባትሪ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ሬዲዮ ለብሶ፣ ጫማውን በግማሽ አጥልቆ በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘው። ወደ ጫማው አመለከተው። ባትሪ ተንበርክኮ ማሰሪያውን አሰረለት። ሬዲዮ በግራ እጁ ትከሻውን ተደገፈና አብረው ወጡ። ይቅር ብሎት ይሁን፣ ሌላ የሚደገፈው ስለሌለ ይሁን፣ ባትሪ አልጠየቀም። ቢጠይቀውም መልሱ አንዲት ቃል ናት።

ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ኖረ። በየቀኑ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ይቀመጣል። ባትሪ ደግሞ፣ መቼም ጉድ ነው፣ ማውራት ጀመረ። አይሆንለትም። ቀልዱ መሐል ላይ ይጠፋበታል፣ ማን ምን እንዳለ ይደባለቅበታል። «አንዱ ደንበኛ መጥቶ… በር ፈልጎ… እንትን አለ» ይላል። ሬዲዮ ሰምቶ ሰምቶ፣ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ «በቃ» ሲለው የጎማ ጠጋኙ በሳቅ ይፈርሳል። በመጨረሻዎቹ ወራት ሁለት ሌላ ቃል ተመለሰለት፤ አንደኛው የእትዬ የቁልምጫ ስም ነበር፣ ሁለተኛው ስድብ። ሁለተኛው ስትሮክ እንቅልፍ ላይ መጣ። እትዬ ማለዳ ልትቀሰቅሰው ስትነካው ቀዝቅዞ ነበር።

ከቀብሩ ብዙ ወራት በኋላ፣ ባትሪ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ዶክተሯ ናት። ጥናቱ ተራዝሞ፣ ከታመሙ ሁለት ዓመት የሞላቸውን ሰዎች እንደገና ሊለኩ ነው፤ ሬዲዮ መምጣት ይችል እንደሆነ ነው የደወለችው።

«አረፈ» አለ ባትሪ።

«አልሰማሁም» አለች። «ነፍስ ይማር። ዝርዝሩ ላይ ስሙን አይቼ…»

«ግድ የለም። ምስሉ አለ?»

«አለ። ሦስቱም አሉ። ከእሱ ልኬት ብዙ ነገር አይተናል።»

ባትሪ ምን እንዳዩ አልጠየቃትም። ሊሰናበታት ሲል፣ «የእርስዎን የደም ግፊት ለክተውት ያውቃሉ?» አለችው። አያውቅም። ማክሰኞ እንዲመጣ አስማለችው፤ ሄደ። ከፍተኛ ነበር። ነርሷ ሁለት ጊዜ ለካችው፣ ሁለቴም ያው ነው። ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ ትንሽ ነጭ ክኒን ሰጡት።

እትዬ ጡረታ ወጥታለች። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት በረንዳው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ትቆማለች። ለመርሳት ሰበብ እንዳይኖረው ክኒኑን መዳፉ ላይ ራሷ ነው የምታስቀምጠው፤ ከዋጠ በኋላም አፉን እስኪከፍት ድረስ አታምነውም።